«ኖ ሰች ቴብል» ካለህ መጀመሪያ ያልሮጠውን ኮድ ፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይሄ ነው፦ የአንድሮይድ አፕህ ኤስኪውላይት በሚባለው የስልክ ዳታቤዝ ውስጥ የደንበኞች ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) ነበረው፣ አሁን የክፍያ ቴብል ጨመርክ፣ «ክሪኤት ቴብል» የሚለውን ቴብል ፈጣሪ መስመር ኦንክሪኤት (ዳታቤዙ መጀመሪያ ሲፈጠር የሚሮጠው ፈንክሽን) ውስጥ አስገባህ፣ አፑ ግን ክፍያ ሊመዘግብ ሲል «ኖ ሰች ቴብል» (እንዲህ ያለ ቴብል የለም) ብሎ ክራሽ ያደርጋል። መስመሩን ደጋግመህ አይተህ ስህተት አላገኘህም። ልክ ነህ፣ መስመሩ ስህተት የለውም። ጭራሽ አልሮጠም።

1. ኦንክሪኤት አፑ በተከፈተ ቁጥር አይጠራም። የሚጠራው የዳታቤዙ ፋይል ስልኩ ላይ ገና ከሌለ ነው። ኤስኪውላይት ኦፕን ሄልፐር (ዳታቤዙን የሚከፍትልህ ክላስ) ዳታቤዙን ሲከፍት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር ያነባል። 0 ካገኘ ኦንክሪኤትን ይጠራል፤ ኮድህ ላይ ካለው ቁጥር ያነሰ ካገኘ ኦንአፕግሬድን (ያለውን ዳታቤዝ የሚያሻሽለውን ፈንክሽን) ይጠራል፤ እኩል ከሆነ ሁለቱንም አይነካም። ያንተ ፋይል 1 ይላል፣ ኮድህም 1 ይላል። ስለዚህ አዲሱን መስመር የሚያየው የለም።

2. አፑ ያለው መሞከሪያ ስልክህ ላይ ብቻ ከሆነ ሴቲንግ ገብተህ የአፑን ዳታ አጥፋ። ካሽ ማጥፋት አይበቃም፣ ዳታቤዙ እዚያ አይቀመጥም። «አንኢንስቶል አድርገህ እንደገና ጫን» የሚሉህም ሁሌ ልክ አይደሉም፦ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ አውቶ ባክአፕ ስላለ፣ ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ «አላው ባክአፕ» ካልተዘጋ አሮጌው ፋይል ከአዲሱ ጭነት ጋር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሰው ያብዳል።

አፑን ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ከሆነ ግን ቨርዥኑን 2 አድርግና ኦንአፕግሬድ ውስጥ «አሮጌው ቨርዥን ከ2 ካነሰ የክፍያ ቴብሉን ፍጠር» ብለህ ጻፍ። ያው መስመር ኦንክሪኤት ውስጥም ይቆይ፣ አዲስ የሚጭን ሰው የሚያልፈው በዚያ ነው። ነገ 3 ስታደርገው ሌላ «ኢፍ» ከሥሩ ጨምር፤ «ኤልስ ኢፍ» አይሁን፣ ከ1 በቀጥታ ወደ 3 የሚዘል ተጠቃሚ ሁለቱንም ደረጃ ማለፍ አለበት። ቁጥሩን ወደ ኋላ ከመለስከው ደግሞ «ካንት ዳውንግሬድ ዳታቤዝ» ብሎ አይከፍትልህም።

በየማስተማሪያው የሚገለበጠው «ቴብሉን ድሮፕ አድርግ (ሰርዝ)፣ ኦንክሪኤትን መልሰህ ጥራ» የሚል ኦንአፕግሬድ በእውነት ያናድዳል። ኤረሩ ይጠፋል፣ የሰውየው ደንበኞችም አብረው ይጠፋሉ። ሩም የሚባለውን የዳታቤዝ ላይብረሪ የምትጠቀም ከሆነም «ፎልባክ ቱ ዲስትራክቲቭ ማይግሬሽን» የሚሠራው ያንኑ ነው።

3. ኦንክሪኤትን በትራይ ካች (ስህተትን ይዞ በሚያስቀር ኮድ) የጠቀለልክ ከሆነ አሁኑኑ አውጣው። ብዙ ሰው አፑ ክራሽ እንዳያደርግ ብሎ ያስገባዋል፣ ከዚህ የከፋ ግን የለም። ኦንክሪኤት የሚሮጠው በትራንዛክሽን ውስጥ ነው፣ ማለትም ወይ ሁሉም ይሳካል ወይ ሁሉም ይሰረዛል። ስህተት ሲፈጠር ወደ ውጭ ከተወረወረ ትራንዛክሽኑ ይሰረዛል፣ ቨርዥኑ 0 እንደሆነ ይቀራል፤ ኮዱን አርመህ ስትከፍተው እንደገና ይሞክራል። ካች ከዋጠው ግን ሄልፐሩ ሁሉም የተሳካ ይመስለውና 1 ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ መስመሩን ብታስተካክለውም ቴብሉ አይፈጠርም፣ ምክንያቱም ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመልሰሃል ማለት ነው።

ካቹ ስር የሚደበቁትን ስህተቶች ልንገርህ። የ«ክሪኤት ቴብል»ን ጽሑፍ በፕላስ ምልክት እየቀጠልክ ስትሠራ ስፔስ ይረሳል። «ቴብል» ከሚለው ቀጥሎ ከረሳኸው ወዲያው «ሲንታክስ ኤረር» ይልሃል፤ ይሄ ደጉ ነው። ክፉው በኮለሙ (በቴብሉ ዓምድ) ስምና በዓይነቱ መሃል ሲረሳ ነው። ስሙ «አማውንት» እና ዓይነቱ «ሪል» ተጣብቀው «አማውንትሪል» ይሆናሉ። ኤስኪውላይት ኮለም ዓይነት ባይኖረውም ስለሚቀበል፣ «አማውንትሪል» የሚባል ኮለም ያለው ቴብል ያለ ምንም ቅሬታ ይፈጥርልሃል። የምታውቀው መረጃ ስታስገባ «ሃዝ ኖ ኮለም ኔምድ አማውንት» ሲልህ ነው። ስፔሱን ጨምረህ ብቻ አይሠራም፣ ቴብሉ በተበላሸ ስሙ ተፈጥሯልና ዳታውን ማጥፋት ወይም ቨርዥን መጨመር ግድ ነው።

ኤረሩ «ኒር» (አጠገብ) ብሎ አንድ ቃል ካሳየህ፣ ቃሉ አንባቢው የቆመበት ቦታ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት ነው። መዝጊያ ቅንፍ ካሳየህ ከመጨረሻው ኮለም በኋላ የቀረች ኮማ ፈልግ። «ኦርደር» ወይም «ግሩፕ» ካሳየህ ቴብልህን በተያዘ ቃል ሰይመሃል፣ ስሙን ቀይረው። «አውቶ ኢንክሪመንት» የሚሠራው «ኢንቲጀር ፕራይመሪ ኪይ» ከሚለው ቀጥሎ ብቻ ነው፤ «ኢንት» ብለህ ካሳጠርከው አይቀበልም።

ሁለቱን ቴብሎች በሰሚኮለን ለይተህ በአንድ «ኤክሴክ ኤስኪውኤል» (መስመሩን የሚያስሮጠው ትእዛዝ) ካስገባሃቸውም የሚፈጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጥራ።

«ኢፍ ኖት ኤግዚስትስ» ጨምር የሚልህ ይኖራል። «ኦልሬዲ ኤግዚስትስ» የሚለውን ኤረር ዝም ያሰኛል፣ ያረጀውን ቴብል ግን አያስተካክልም፤ ኮለም ጎድሎት ከሆነ እንደጎደለው ይቀራል።

ከመገመት ማየት ይሻላል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ አፕ ኢንስፔክሽን ክፈት፣ አንድሮይድ 8 እና ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ወይም ኢሙሌተር ላይ ቴብሎቹንና የኮለሞቹን ስም ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ስልክህ አሮጌ ከሆነ ከኮድህ ውስጥ «ኤስኪውላይት ማስተር» የሚባለውን ቴብል ጠይቅ፤ እያንዳንዱ ቴብል የተፈጠረበት መስመር እንዳለ እዚያ ተጽፏል፣ የተጣበቀ ስምም ካለ እዚያው ይታይሃል።

ይሄን ሁሉ አድርገህ እምቢ ካለህ ሎግካት (የአንድሮይድ ስቱዲዮ የኤረር መዝገብ) ላይ «ኮዝድ ባይ» የሚለውን መስመር፣ የቨርዥን ቁጥርህን፣ ኦንክሪኤትና ኦንአፕግሬድን ሙሉውን ለጥፍ። «አልሠራ አለኝ» ብቻ እንዳትል።