መልስ፦ ለሰርፊንግ የቱ ዌትሱት ይሻላል?

ውሃው 15 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ ለሰርፊንግ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ ለመንሸራተት) 3/2 ዌትሱት፣ ማለትም ሰውነት ላይ ልክክ የሚል የቀዝቃዛ ውሃ ልብስ፣ ይበቃኛል ወይ ላልከው፣ እኔ 4/3 ነው የምልህ። ቁጥሮቹ ልብሱ የተሠራበት የኒዮፕሪን (አረፋማ ላስቲክ) ውፍረት ናቸው፤ ደረትና ጀርባ ላይ 4 ሚሊሜትር፣ ክንድና እግር ላይ 3። ክንዱ የሚሳሳው በእጅህ ስትቀዝፍ ትከሻህ ቶሎ እንዳይዝል ነው።

ከውፍረቱ በላይ ግን ስለ ልኩ ተጨነቅ። ሰፊ ከሆነ 5 ሚሊሜትርም አያድንህም። ማዕበል በመታህ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ በአንገትህ ይገባና ጀርባህ ላይ ይንቆረቆራል፤ ሰውነትህ ያሞቀውንም ይዞት ይወጣል። ስትለካው ከወገብህ በላይ፣ ጀርባህ ላይ ያለውን ቆንጠጥ አድርገህ ሳበው። ብብትህ ስርም እንደዚያው። ክፍተት ካለ አንድ ቁጥር ዝቅ በል። ከዚያ እጆችህን ወደ ላይ ዘርጋ፤ ትከሻህን ከያዘህ ተወው። በደረቁ ትንሽ ቢያጨናንቅህ አትደንግጥ፣ ውሃ ሲነካው ላላ ይላል።

ስፌቱንም ገልብጠህ እይ። ክሩ በውስጥም በውጭም ከታየ መርፌው በስቶ አልፏል፣ በዚያ ውሃ ይገባል። ለአንተ በሙጫ ተጣብቆ የተሰፋው ይሻላል። ዚፑስ? የደረቱ ከጀርባው ያነሰ ውሃ ያስገባል፤ ለመልበስ ግን ያታግላል።