ከተከላ በኋላ ስላለው ሥራ፦ ኮራል ሪፍን ለማልማት ለምትነሡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የተጎዳ ኮራል ሪፍን፣ ማለትም ኮራሎች በባሕር ውስጥ የሚገነቡትን ዐለት መሰል መኖሪያ፣ መልሶ የማልማት ሳይንስ ልትማሩ እንደምትፈልጉ የምትጽፉልኝ እየበዛችሁ ስለመጣችሁ፣ ለየብቻ ከምመልስላችሁ በአንድነት መጻፉን መረጥሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእስራኤሏ የኢላት ከተማ ዳርቻ በመሆኑ ምሳሌዎቼም በአብዛኛው ከዚያው የተወሰዱ ናቸው። የምመክራችሁ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ምን ያህል ኮራል እንደተከላችሁ ሳይሆን፣ ከተከላችሁት ውስጥ ከዓመታት በኋላ ዘሩን መተካት የቻለው ምን ያህል እንደሆነ ቁጠሩ።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ አልጌ የሚባሉ ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ሕያዋን ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጡታል። ውኃው ከለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንኳ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ግን አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉ ይነጣል፣ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደም በረሃብ ይሞታል። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው ነጥቷል። በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለው ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኮራል አገግሞ ለመነሣት የሚበቃው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1995 እስራኤላዊው ተመራማሪ ባሩክ ሪንኬቪች የተራቆተ ደን በችግኝ እንደሚለማ ሁሉ ሪፍንም በሁለት ደረጃ ማልማት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። በመጀመሪያው ደረጃ ከጤነኛ ኮራል ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ በመቁረጫ ተወስዶ በፕላስቲክ ችካል ላይ በማጣበቂያ ይተከልና በባሕሩ ወለልና በውኃው ገጽ መካከል በተንሳፈፈ መረብ ላይ ይቀመጣል። እዚያ አሸዋና ደለል አይጫነውም፣ ኮራል የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች በቀላሉ አይደርሱበትም፣ የሚያልፈው ውኃም ምግብ ያመጣለታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕያው ሥጋው ማጣበቂያውን ሸፍኖ በችካሉ ላይ ሲዘረጋ ታዩታላችሁ፤ በዚህ ብትደሰቱ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ያደገውን ኮራል ወደ ሪፉ ማዛወር ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ በብሩሽ አልጌ እየፈገፈጉ መረብ በማጽዳት ያልፋል። ይህን አድካሚ ሥራ የሚንቅ ሰው ለዚህ ሙያ አልተፈጠረም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሰፊ ግምገማ በመላው ዓለም ከተካሄዱት የኮራል ማልማት ፕሮጀክቶች 60 በመቶ ያህሉ ክትትላቸው ከ18 ወር ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። በክረምት የተተከለ ችግኝ ፎቶግራፍ ተነሥቶለት ስንቱ እንደጸደቀ ግን በበጋ ሳይቆጠር እንደሚቀር ሁሉ፣ በባሕርም ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። ከዚህም በላይ ከአንድ እናት ኮራል የተቆረጡ ቅንጣቢዎች ሁሉ ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ወይም ሙቀት ሁሉንም ይገድላል፣ እርስ በርሳቸውም በአብዛኛው አይራቡም። ስለዚህ ከብዙ እናቶች ጥቂት ጥቂት መውሰድ ከአንድ እናት ብዙ ከመውሰድ ይሻላል።

መራባት ያልሁትን ጠለቅ ብላችሁ እንድታጠኑት እለምናችኋለሁ። ብዙ የኮራል ዓይነቶች በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ሌሊቶች ብቻ፣ የባሕሩን ሙቀትና የጨረቃን ዑደት ተከትለው፣ እንቁላልና የዘር ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይለቃሉ። የተለቀቀው ዘር የሚቆየው ለሰዓታት ያህል ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ካልገጠመ ፅንስ አይኖርም። ተመራማሪዎቹ ቶም ሽሌዚንገርና ዮሲ ሎያ ለዓመታት በሌሊት እየጠለቁ ከተመለከቱ በኋላ፣ በዚሁ በኢላት ባሕረ ሰላጤ አንዳንድ የኮራል ዓይነቶች ይህን መገጣጠም እያጡ መሆናቸውንና አዳዲስ ግልገሎቻቸውም እየጠፉ መምጣታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳወቁ። በቀን ጠልቆ ለሚያያቸው ሰው እነዚህ ኮራሎች ያማሩና ጤነኞች ነበሩ። የሪፍን ጤና ሕያው ኮራል በሸፈነው ስፋት ብቻ የሚለካ ባለሙያ ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል።

ሙቀትን የመቋቋም ጉዳይ ብዙዎቻችሁን እንደሚስብ አውቃለሁ። ተመራማሪው ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገለጹት፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ሰሜን ቀይ ባሕር የደረሱት ኮራሎች በደቡቡ እጅግ ሞቃት ውኃ በኩል አልፈው የመጡ በመሆናቸው ከሌሎች ይልቅ ሙቀት ይችላሉ። በአውስትራሊያ ደግሞ ተመራማሪዎች አልጌዎቹን ለ4 ዓመታት ያህል በላቦራቶሪ በሙቅ ውኃ አላምደው ወደ ኮራል እጮች በመመለስ የአንዳንዶቹን የመቋቋም አቅም ከፍ ለማድረግ ችለዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ሙቀት የሚችለው የኢላት ኮራል ፍሳሽ፣ ዘይትና ትርፍ ንጥረ ነገር አይችልም፤ እንዲህ ያለ ትርፍ ንጥረ ነገር ይለቁ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች እ.ኤ.አ. በ2008 ከባሕረ ሰላጤው የወጡት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው፤ ለዚያ የተደረገው ጥረት ከብዙ የተከላ ሥራ የበለጠ ዋጋ ነበረው ብዬ እገምታለሁ።

የአሜሪካዋን የፍሎሪዳንም ነገር አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ የባሕሩ ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ ባለሙያዎች ከውኃ ውስጥ ችግኝ ጣቢያዎቻቸው ኮራሎችን እያወጡ በየብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አሸሹ፤ ለዓመታት የተተከሉት ብዙዎቹ ግን ሞቱ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ሪፖርቱ የምድር ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል ሪፍ እንደሚጠፋ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፋ ገምቷል። ስለዚህ የምትተክሉት ኮራል የጋዝ ልቀት ቅነሳን ይተካል ብሎ ለሚነግራችሁ ባለገንዘብ በግልጽ «አይተካም» በሉት፤ ሥራችን ጊዜ ይገዛል እንጂ ባሕሩን አያቀዘቅዝም።

ወደ ተግባሩ ስትገቡ ከተከላችሁበት ቦታ አጠገብ ምንም ያልተነካ ማነጻጸሪያ ቦታ ተዉ፤ ያለ እርሱ ለውጡ ከእናንተ ሥራ ይሁን ከተፈጥሮ አይለይም። የሞቱትንም ከእነ ቀናቸውና ከእነ ውኃው ሙቀት መዝግቡ። የበጀት ጥያቄ ስታዘጋጁም በአምስተኛው ዓመት፣ በመራቢያው ወቅት፣ በሌሊት ጠልቆ የሚቆጥረውን ሰው ደመወዝ ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ፤ ገንዘብ ሰጪው ይህን መስመር ሰርዙ ቢላችሁ የተከላውን ቁጥር ቀንሱ እንጂ እርሱን አትሰርዙ።