ገና ከአልጋ ሳይነሳ ስለ ሥራ ለምን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ስለደከመ በሆስፒታል የተሃድሶ ክፍል ተኝቷል። ሰሞኑን የተሃድሶ አማካሪ መጥተው ስለ ሥራውና ስለ ትምህርቱ ጠየቁት፤ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ገና መቆም ያልቻለን ሰው ስለ ሥራ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ሊያስወጡት ይሆን?

መልስ፦ ቅሬታዎ አይገርመኝም፤ በእኛ ልማድ ታማሚ «እግዜር ይማርህ» ይባላል እንጂ ስለ ሥራ አይጠየቅም። ሆኖም ከሆስፒታል የመውጫውን ቀን የሚወስኑት ሐኪሙና የሕክምና ቡድኑ እንጂ አማካሪዋ አይደሉም። ፊዚዮቴራፒስቱ እግር እንዲራመድ፣ የንግግር ባለሙያው አንደበት እንዲፈታ ሲጥሩ፣ የአማካሪዋ ድርሻ ወንድምዎ ጉዳታቸው እንዳለ ሆኖ ወደ ቤታቸውና ወደ ሥራቸው የሚመለሱበትን መንገድ ከራሳቸው ጋር መቀየስ ነው።

ጥያቄው አስቀድሞ የመጣበት ምክንያት አለ። ወንድምዎ የሚሠሩት መኪና እየነዱ በማቆም ይሁን ተቀምጠው ሒሳብ በመቀበል ከታወቀ፣ በግራ እጅ ገንዘብ መቁጠር ወይም ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የዕለት ልምምዳቸው አካል ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ በድብርት ይጠቃል፤ ድብርት የያዘው ሰው ልምምዱንም ስለሚሰለች፣ «ከእንግዲህ ቤተሰቤን በምን አስተዳድራለሁ» የሚለውን ጭንቀት የሚያዳምጥ ባለሙያ ማግኘቱ ትርፍ ነገር አይደለም።

አማካሪዋ ከሆስፒታሉ ውጭ ወዳለው ድጋፍም ሊመሯቸው ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የተሃድሶ ሕግ በሚደግፈው ፕሮግራም መሠረት በየስቴቱ አካል ጉዳተኞችን ወደ ሥራ የሚመልስ መሥሪያ ቤት አለ፤ ማመልከቻ ከቀረበለትም ብቁነትን እንደ ወትሮው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ፣ ከባድ ጫና እስካልሆነበት ድረስ፣ ሥራውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል።

ስለ ማስተርጎሙ ግን አንድ ነገር ልበል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቤተሰብ ሲያስተረጉም ክፉውን ቃል ማለዘብ ይቀናዋል፤ ታማሚውም በታናሹ ፊት ፍርሃቱን አይናገርም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ወንድምዎ ብቻቸውን መነጋገር ከፈለጉም ከክፍሉ ይውጡላቸው።