ጥያቄና መልስ፦ መቁጠሪያ አቋርጬ በሽተኛ ጋ ብሄድ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ አባ ይባርኩኝ። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት አልጋ ከያዙ ቆዩ፣ ልጅም የላቸው። ማታ መቁጠሪያ ልደግም ቁጭ ስል ነው የሚጠሩኝ። ተነስቼ ስሄድ ጸሎቱን ያበላሸሁት ይመስለኛል፣ ዝም ስል ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ። ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰማሁት! ብዙዎቻችን ለሰው የሰጠነው ሰዓት ከእግዚአብሔር ላይ የተሰረቀ ይመስለናል። አይደለም፣ በፍጹም።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ፈረንሳዊውን ቄስ። ከቅድስት ሉዊዝ ጋር በ1633 (በፈረንጆቹ) የፍቅር ልጆች የሚባለውን የሲስተሮች ማኅበር ሲመሰርት፣ ያኔ መነኩሲት ማለት ከገዳሟ ግቢ የማትወጣ ነበረች፣ እሱ ግን ገዳማችሁ የበሽተኛ ቤት ነው፣ ግቢያችሁም የከተማው መንገድ ነው አላቸው። በጸሎት ሰዓት ለድሃ መድኃኒት ማድረስ ካለባችሁ ሳትጨነቁ ሂዱ፣ እግዚአብሔርን የተዋችሁት ለእግዚአብሔር ብላችሁ ነው ይላቸው ነበር። ጌታስ ቢሆን "ለእኔ አደረጋችሁት" አይደል ያለው (ማቴ 25፥40)፣ እኚያ እናት ሲጠሩሽ ማን እየጠራሽ እንደሆነ አስቢው እስቲ።

ይሄን ይዘው "እኔ ሰው እረዳለሁ፣ ጸሎት ምን ያደርግልኛል" የሚሉ ደግሞ አሉ፣ እሱን አልቀበልም። ቪንሰንት ራሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ነበር የሚጸልየው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ብቻሽን መሆንሽ ነው። ቪንሰንት በ1617 ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲያገለግል፣ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ እየለበሰ ሳለ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ታሞ አስታማሚ እንኳ እንዳጣ ነገሩት፣ በስብከቱ አነሳው፣ ከሰዓት ሊጠይቃቸው ሲወጣ መንገዱ በሴቶች ተሞልቷል፣ የሚሄደው የሚመለሰው፣ ሙቀቱ አድክሟቸው ዳር ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ደስ አለው፣ ግን ይሄ ሁሉ ምግብ ዛሬ ይተርፍና ይበላሻል፣ ነገ ደግሞ ይራባሉ ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሴቶቹን ሰብስቦ ተራ አስያዛቸው፣ የዕለቱ ተረኛ አብስላ ወስዳ በሽተኛውን ታበላለች፣ በነጋታው ሌላዋ። ያ ሁሉ የድሆች አገልግሎቱ ከዚህ ተራ ነው የተነሳው።

አንቺም ከቁምስናሽ፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንሽ ማለቴ ነው፣ ሴቶች ሁለት ሦስቱን አነጋግሪ፣ ተራ ያዙ። ተራሽ ሲሆንና ሲጠሩሽ አቋርጠሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ከመጀመሪያው አትጀምሪ፣ ካቆምሽበት ፍሬ ቀጥዪ። አንዳንዴም መቁጠሪያውን ይዘሽው ሂጂ፣ እኚያ እናት አብሯቸው የሚደግም ሰው ካገኙ ስንት ጊዜያቸው ይሆን።