የአርቪ ኤሲ በቤት ሶኬት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አርቪያችንን (መኝታና ኩሽና ያለው የጉዞ መኪና) ግቢ አቁመን እንግዳ ልናሳድርበት አስበናል። ጣሪያው ላይ ያለው ኤሲ 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው። በአዳፕተርና በተለመደው ብርቱካናማ ኤክስቴንሽን ከጋራዥ ሶኬት ስሰካው ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ብሬከሩ ይወርዳል። በ30 አምፔር ብሬከር ብቀይረውስ?

መልስ፦ አይቀይሩት። ብሬከሩ የተቀመጠው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ሊጠብቅ ነው። ለ15 አምፔር በተዘረጋ 14 ጌጅ ሽቦ (ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል) ላይ 30 ከገባ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይግላል፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

የእርስዎ ኤሲ ከተነሳ በኋላ ከ12 እስከ 13 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ቀኑ ሲሞቅ ይጨምራል። ባለ 15 ብሬከር ደግሞ ለሰዓታት ከ12 በላይ ባይሸከም ይመረጣል። ስለዚህ ኤሲው ብቻውን ጫፍ ላይ ነው። የባትሪው ቻርጀር ሲጨመር ያልፋል፤ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነማ እሱ ብቻውን ወደ 12 አምፔር ይወስዳል። ማሞቂያውንና ፍሪጁን ወደ ጋዝ ያዙሯቸው፤ ኤሲው እየሠራ ማይክሮዌቭ አይክፈቱ። ጋራዡ ውስጥ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ፍሪጅ ካለም ይንቀሉት። ባለ 20 አምፔር መስመር ካለዎት ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ የሶኬቱ አንዱ ቀዳዳ የተጋደመ የቲ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል፤ ብሬከሩም ላይ 20 መጻፉን ይዩ።

ኤክስቴንሽኑም ጥፋት አለበት። ብርቱካናማዎቹ ብዙ ጊዜ 16 ጌጅ ናቸው፤ 100 ጫማ የሚረዝመው በ13 አምፔር 10 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፕረሰሩ (የኤሲው ጋዝ መጭመቂያ ሞተር) ለመነሳት ይቸገራል፣ አብዝቶ ይስባል፣ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። እስከ 50 ጫማ 12 ጌጅ፣ ከዚያ በላይ 10 ጌጅ ይግዙ። ተጠቅልሎ እንዳይቀር፣ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት። አርቪው ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የቮልት መለኪያ ያስቀምጡ፤ ኤሲው እየሠራ ከ108 በታች ካሳየ ያጥፉት።

ሲያስነሱ መጀመሪያ ፋኑን ብቻ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ያብሩ። ካጠፉት በኋላ እስከ 5 ደቂቃ ይታገሱ፤ ኤሲው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይበርድ መልሰው ካበሩት ኮምፕረሰሩ ታንቆ ይቀርና ብሬከሩን ይጥላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ሶኬቱ ሳይቀየር አይጠቀሙበት።

የሚወርደው ብሬከሩ ሳይሆን ሶኬቱ ላይ ያለው የ«ሪሴት» ቁልፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው። ያንን ባለሙያ ይፈልገው እንጂ በሌላ ሶኬት አይሽሹት።

ጥያቄ፦ ለአርቪው የራሱ ባለ 30 አምፔር ሶኬት ባስገባስ?

መልስ፦ ዘላቂው መፍትሔ እሱ ነው። ለባለሙያው ግን ይህን አስረግጠው ይንገሩት፦ ቲቲ-30 የሚባለው የአርቪ ሶኬት 120 ቮልት ነው። 30 አምፔር ሲባል የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 ቮልት የሚያስገባ አለ፤ ያን ጊዜ ማይክሮዌቩም፣ ቻርጀሩም፣ ኤሲውም ባንዴ ይቃጠላሉ። የሚያስፈልገው 10 ጌጅ ሽቦና ነጠላ ባለ 30 ብሬከር ነው። ሥራው ሲያልቅ፣ አርቪው ሳይሰካ፣ ባለሙያው ፊትዎ በመለኪያ ይለካው፤ 120 አካባቢ ካላነበበ አይሰኩ።