ልጄ እየበላ ይከሳል፤ ሜታቦሊዝሙ ፈጥኖ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እንደ ጉድ ይበላል፤ ሱሪው ግን ከወገቡ እየወረደ ነው። ውኃ አይጠግብም። ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት ይነሳል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ድክም ብሎት ይተኛል። ጂም የሚሠራ ጎረቤታችን «ሜታቦሊዝሙ ፈጣን ነው» አለኝ። ኮሶም ይሆናል ብዬ ከፋርማሲ የትል መድኃኒት ገዝቼ ሰጠሁት። ለድካሙ ደግሞ ቫይታሚንና ለስላሳ እሰጠዋለሁ። ሜታቦሊዝሙን የሚያረጋጋ ነገር ቢነግሩኝ? ሌላው፣ ጓሮ የሸናበትን ቦታ ጉንዳን ይወረዋል። ምን ይሆን? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ጣል ካደረጓት ጥያቄ ልጀምር። ጉንዳን የሚወረው ጣፋጭ ነገር ነው። ይህን እርስዎም ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። የፈሩት ስኳር በሽታን ነው፤ እኔም የጠረጠርኩት እሱኑ ነው። ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በባዶ ሆዱ ይሁን ብለው እስከ ነገ አያቆዩት። ጣቱን ወጋ አድርገው በአንዲት ጠብታ ደም ወዲያው ይለኩለታል። እነዚህ ምልክቶች እያሉ በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ሚሊግራም በዴሲሊተር እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስኳር ነው።

አይደንግጡ። ስኳር ያለባቸው ልጆች ይማራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ አድገው ይወልዳሉ። ደግሞም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚመጣው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋ ነው።

ጎረቤትዎ ስለ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ስለሚለውጥበት ሥራ፣ ካነሳ አይቀር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የበላነው እንጀራ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ሴሎቻችን ግሉኮሱን ሰባብረው፣ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎቻቸው ውስጥ በምንተነፍሰው ኦክስጅን ያቃጥሉታል። ከዚህ ኤቲፒ የሚባል ኃይል ተሸካሚ ይሠራል፤ ከአንድ ግሉኮስ 30 ያህል። ጡንቻ የሚሠራው፣ ልብ የሚመታው በዚህ ነው። ኤቲፒ ደግሞ ተከማችቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ያለማቋረጥ መመረት አለበት። ግሉኮስ ግን ጡንቻ ውስጥ እንደልቡ እንዲገባ ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ከሌለ፣ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ቤተሰብ ማለት ነው። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሴሉ ግን በረሃብ ይሠቃያል። ልጅዎ እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው። የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ኩላሊት ስኳሩን ወደ ደም መመለስ ያቅተዋል። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፣ ውኃም ይዞ ይሄዳል። ኮሶ እኮ በየሌሊቱ አራቴ ለሽንት አያስነሳም!

ለስላሳውን አሁኑኑ ያቁሙ። ደሙ በስኳር ሞልቶ ለተጠማ ልጅ ሌላ ስኳር እያጠጡት ነው። ውኃ ይጠጣ፣ የፈለገውን ያህል። ፋርማሲ ገብቶ «ለድካም የሚሆን ስጡኝ» ማለትም ይብቃ። ሁለት ወር ሙሉ ትልና ቫይታሚን ሲሞከር፣ አንዲት የደም ጠብታ አልታየችም። ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስዎም ብዬ ነው።

ምክንያቱም የምፈራው ነገር አለ። ሴሉ ግሉኮስ ሲያጣ ሰውነት ስብ ማቅለጥ ይጀምራል። ጉበት ስቡን ኪቶን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ኪቶን ሲበዛ ደም አሲድ ይሆናል። ያኔ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ቤተሰብ «ጨጓራ ነው» ወይም «ምግብ መርዞት ነው» ይላል። ቀጥሎ ሳይሮጥ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል። ሰውነቱ አሲዱን በትንፋሽ ሊያስወጣ እየታገለ ነው፤ ሰው ግን «የሳንባ ምች» ይለዋል። አፉን ያሽትቱት። የበሰለ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከሸተተዎ፣ እሱ ነው። ከዚያ መፍዘዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ማለት እዚህ ላይ ይገድላል። ከነዚህ አንዱን ካዩ ጤና ጣቢያም አይበቃም፤ በሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። በጊዜ ከደረሰ መጀመሪያ በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውኃ፣ ከዚያ በኢንሱሊን ይታከማል፤ አብዛኞቹ ልጆችም ይድናሉ።

«ኢንሱሊን ከጀመሩት አይለቅም፣ ዓይን ያጠፋል» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። ዓይን የሚያጠፋው ለዓመታት ያልተቆጣጠሩት ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚተርፍበት መንገድ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወግቶ ተረፈ። ፍሪጅ ስለሌለን የሚል ሰበብም አልቀበልም። እየተወጋበት ያለው ብልቃጥ እንደ ደሴ ባለ አየር ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ውስጥ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ሌላው ደግሞ ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ሊቀመጥልዎ ይችላል።

ሲደርሱ ካርድ ክፍል ላይ «ልጄ ይከሳል» ብቻ አይበሉ፣ ወረፋ ያስጠብቁዎታል። «ይከሳል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ሽንት ያበዛል፣ ስኳሩ ይለካልኝ» ይበሉ። ስኳሩ ጤናማ ነው ካሉዎት ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ታይሮይድና ቲቢ እንዲታዩለት ይጠይቁ።