ጾሜን ልደብቅ ብዬ ዋሸሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ጀርመን አገር ኦፔር ሆኜ ቤተሰብ ጋ ነው ያለሁት፣ ልጆች እጠብቃለሁ። የመጣሁ ሰሞን ጾም ሲገባ ማስረዳቱ ጨነቀኝና፣ ጌታም በስውር ጹሙ ብሎ የለ ብዬ፣ ወተትና ሥጋ ሆዴን ያመኛል አልኳቸው። እናትየው አዝና ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የሌለው ወተትና እርጎ እየገዛች ፍሪጁን ትሞላልኝ ጀመር፣ አሁን ደሞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልሽ እያለች ነው። ጾመ ነቢያት እየገባ ነው፣ የነሱ ገና መሀሉ ላይ ይውላል፣ ዝይ ይጠበሳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። የዛን ቀን ክፍሌ ገብቼ ልተኛ? ማተቤንም ልጆቹ እየጎተቱ ሲያስቸግሩኝ ፈትቼዋለሁ።

መልስ፦ እህታለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ይሄ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ከቤሩትም ከሪያድም ከአውሮፓም የሚደውሉልኝ እህቶች ቃሉ ይለያያል እንጂ ነገራቸው ያው ነው፣ «በስውር ጹሙ ስለተባለ ደበቅኩ» ይሉኛል። ስለዚህ ጾሙ ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አልነግርም፣ እዚች ላይ ግን ልቆይ።

ማቴዎስ 6ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ግብዞቹ ፊታቸውን የሚያጠወልጉት ሰው አይቶ እንዲያመሰግናቸው ነው፣ ጌታ ግን ስትጦም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ አለ። የከለከለው ውዳሴ ከንቱን ነው። ሲጠይቁህ ካድ፣ አሞኛል በል አላለም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፣ ያቺ እናት ወተት ስታቀርብልሽ የፈራሽው እንዳታመሰግንሽ ነው? ኧረ አይደለም። ደሴ ብትሆኚ ጾመኛ መሆን ያስከብራል፣ እዛ መሰወር ከሰው ምስጋና ያድንሻል። ጀርመን ቤት ግን ለጾምሽ የሚያደንቅሽ የለም፣ የደበቅሽው እፍረትን ሸሽተሽ ነው። ጥቅሱ የጌታ ነው፣ የተጠቀምሽበት ግን ጌታ ላላለው ነገር ነው። ይሄን የምልሽ ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም፣ ግን በጾም ስም ውሸት ሲገባ ዝም ልል አልችልም፣ ሆዳችንን ከልክለን አንደበታችንን ከለቀቅነው ምኑን ጾምነው?

ዳንኤልን ተመልከቺ። ባቢሎን ተማርኮ ከንጉሡ ማዕድ ብላ ሲባል ሆዴን አመመኝ አላለም፣ አልተቆጣም፣ አላኮረፈም፣ አለቃውን ለመነው። አለቃውም ፊታችሁ ከስቶ ንጉሡ ቢያይ እኔ ነኝ በራሴ የምጠየቀው ብሎ ፈራ። ዳንኤል ደሞ የሰውየውን ፍርሃት ከቁም ነገር ቆጥሮ አለቃው ወደሾመባቸው ጠባቂ ሄደና ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውሃ ስጠን፣ ከዛ ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለው። እውነቱን ተናገረ፣ ለሚያበላው ሰውም መላ ሰጠው። ያን ጊዜ አብረውት ጥራጥሬ የበሉት ሦስቱ ጓደኞቹ እኮ ታኅሣሥ 19 ከቅዱስ ገብርኤል ጋር የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው። ዲሴምበር 25 ብዙውን ዓመት ታኅሣሥ 16 ነው የሚውለው፣ የነሱ ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። እሳቱ ፊት ሳይፈሩ የቆሙት ልጆች በፊት ማዕድ ላይ እውነት መናገር የለመዱ ናቸው።

ደሞ ለወሎ ልጅ ይሄ እንዴት ይከብዳል? እኛ ጋ ሰርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረድ የለ? ማን ተቀይሞ ያውቃል? ሙስሊሟ ጎረቤት ሽሮውን ለብቻ ድስት ጥዳ «እንቺ ብይ፣ ቅቤ አልነካውም፣ ማማሰያውም ሌላ ነው» ትላለች፣ ይሄን ያወቀችው አብረናት ስለኖርንና ስለነገርናት ነው። ጀርመኗ በምን ትወቅ? ሆዴን ያመኛል ስላልሽ ላክቶስ የሌለው ወተት ፈልጋ የገዛች ሴት፣ ጾም ነው ብትያት ምስር ትቀቅልልሽ ነበር እኮ! ላክቶስ ወጣለት አልወጣለት ወተት ወተት ነው፣ ውሸቱ ጾምሽን እንኳን አላዳነልሽም። የዋሸሻት ደሞ የምታስብልሽን ሰው ነው፣ እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ፋሲካ መጥቶ ቅቤ ስትበዪ ብታይሽ ምን ልትያት ነው?

ስለዚህ ቀጠሮው ሳይያዝ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ንገሪያት። «አልታመምኩም፣ በእምነቴ ጾም አለ፣ ማስረዳት አፍሬ ነው የዋሸሁሽ፣ ይቅርታ» በያት፣ ከዚህ በላይ ማርዘም አያስፈልግም። ጾሙ ጃንዋሪ 7 እንደሚፈታ፣ ረቡዕና ዓርብም እንዳለ በካላንደር አሳያት። ቪጋን፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይበላ ማለት ነው፣ የሚለውን ቃል እነሱ ያውቁታል፣ ምግቡን ለማስረዳት ይጠቅምሻል፣ ግን እሱን ብቻ ብለሽ እንደገና እንዳትደበቂበት። ሥራ እንዳይበዛባት ያንቺን ራስሽ አብስዪ፣ ምስሩም ጎመኑም እዛ ሞልቷል፣ አንድ ቀን ለሁሉም ምስር ወጥ ሥሪላቸው።

ለገናቸው ክፍልሽ ገብተሽ እንዳትተኚ። ሥጋ የሚበላበት ማዕድ መቀመጥ ጾም አያስፈታም፣ አኩርፈሽ ስትጠፊ ግን እምነትሽ ሰው የሚያስጠላ ይመስላቸዋል። ተቀመጪ፣ አማትቢ፣ ልጆቹን አጉርሺ፣ ድንችሽን ብይ፣ ቀይ ጎመኑን ግን ብዙ ጊዜ በዝዩ ስብ ስለሚሠሩት ያንቺን ቀድመሽ ለብቻ አውጪ። የኛ ገና ሲደርስ ደሞ አንቺ ጥሪያቸው፣ ዶሮው ያንቺ ተራ ነው።

አልጠየቅሽኝም እንጂ እሁድስ? ቅዳሴ ሩቅ ከሆነ ቢያንስ በወር አንዴ እሁድን ለምኚ። እ.ኤ.አ. በ1969 ስትራስቡርግ ላይ የተፈረመው የኦፔር ስምምነት፣ ሁሉም አገር ባያጸድቀውም፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን እንዲኖር፣ በወር አንዱ እሁድ እንዲሆንና አምልኮ መካፈል እንዲቻል ይላል፣ የምትጠይቂው ነውር አይደለም።

ማተብሽን ዛሬውኑ እሰሪ፣ ልጆቹ እንዳይጎትቱት አሳጥሪውና ከልብስ ስር ይሁን። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ውሸቱን ተናዘዢ። ልጆች ይዘሽ እየዋልሽ እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ የሚለውን እሳቸው ይወስኑልሽ፣ አቅምሽንም ሥራሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።